ደሞዙ ትንሽ የሆነ ሥራ እንዴት ይሻሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ለአራት ዓመት ፔሮል (የሠራተኛ ደሞዝ ሒሳብ) ሠርቻለሁ። ደሞዝ በገባ ማግስት ጠረጴዛዬ ፊት ሰልፍ ነበር። «ለምን ተቆረጠብኝ?» «ኦቨርታይሜ የታለ?» «ባለፈው ወር እኮ ከዚህ ይበልጥ ነበር!» ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄው ግን አሁንም በስልክ ይመጣል። ዘመድ ይደውላል፣ የዘመድ ጎረቤት ይደውላል፣ የሰፈራችን ጥበቃ መንገድ ላይ ያስቆመኛል። እዚህ ያሰባሰብኩት የእነሱን ጥያቄ ነው። የማወራው ስለ ግል ድርጅት ሠራተኞች ነው። «ሕጉ» ስልም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማለቴ ነው።

ጥሩ ሥራ ማለት ጥሩ ደሞዝ ማለት አይደለም እንዴ?

ደሞዝ ይቀድማል። በዚህ አንከራከር። ግን ጠረጴዛዬ ፊት ከሚሰለፉት ብዙዎቹ የሚጣሉኝ በደሞዙ ማነስ አልነበረም። ማነሱንማ ሲቀጠሩ አውቀውት ነው የገቡት። የሚያበግናቸው በዚህ ወር ስንት እንደሚገባ አለማወቃቸው ነው። አንድ ወር ኦቨርታይም ይበዛል፤ በሚቀጥለው ወር ትእዛዝ የለም ተብሎ ይጠፋል። አንድ ቀን የቀረች ልጅ የዚያን ቀን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የወሩን የመገኘት ማበረታቻ በሙሉ ታጣለች። የቤት ኪራዩ ግን በቀኑ ይመጣል።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። በአንድ የማምረቻ መስመር አብረዋት የሚሠሩት ሰዎች ዕቁብ ሲጀምሩ እሷ ሳትገባ ቀረች። ለምን ስላት፣ የምትጥለው ብር አንድ ወር ቢጎድልባት ከሰው ፊት መቆም እንደማትችል ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራን የምለካው በዕቁብ ነው። በደሞዟ ተማምና ዕቁብ መግባት ከቻለች ሥራው ቢያንስ መሠረት አለው። ካልቻለች፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ሥራው ገና ነው።

በኢትዮጵያ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አለ?

ለመንግሥት ሠራተኛ አለ። 1,100 ብር የነበረው መነሻ በ2017 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን የለም። አዋጁ ዝቅተኛውን ደሞዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ይናገራል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አለፉ፤ ወለሉ ግን አልመጣም።

ወለል አለመኖሩ ምን እንደሚያመጣ ሐዋሳ ላይ ታይቷል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ለ60,000 ሰው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ባወጡት ሪፖርት የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ባንግላዴሽ ውስጥ በዚያው ጊዜ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደሞዝ 95 ዶላር ገደማ ነው። እኛ ርካሽነታችንን እያሞገስን ባለሀብት ስንጠራ፣ ልጆቹ ደግሞ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ኪራዩን እንኳ መሸፈን ይቸግራቸው ነበር።

«ወለል ከወጣ ባለሀብት ይሸሻል» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ከልክ ያለፈ ወለል ትንንሽ ድርጅቶችን ይጎዳል። ግን ሐዋሳ የነበረው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ኅዳር 2014 ፋብሪካውን ለመዝጋት ሲወስን ጦርነት ነበር። አሜሪካም ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጥታለች። ፒቪኤች የሄደው ደሞዝ ተወዶበት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመቶ ብር አለፈ። በዶላር ለሚሸጥ ድርጅት ይህ ትርፍ ነው። ዘይትና ጤፍ ለሚገዛ ሰው ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ሰዎች ፋብሪካ ገብተው ለምን ቶሎ ይለቃሉ? ስንፍና ነው ይሉናል።

ስንፍና የሚለውን እኔም ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርከን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በደንብ አጥንተውታል። እዚሁ አገር አምስት ድርጅቶች ውስጥ ለሥራ ካመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎች መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ ተለየ። ከዚያ ሕይወታቸውን ተከታተሉ። ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመት ሲሞላ 77 በመቶው ሄደዋል። ገቢያቸው ሥራውን ካላገኙት አልበለጠም፤ የጤና ችግራቸው ግን ጨምሮ ነበር። አቧራ፣ ኬሚካል፣ ቀኑን ሙሉ መቆም።

እዚያ ላይ የእኔን የዕቁብ መለኪያ ትንሽ የሚነቀንቅ ነገርም አለ። የፋብሪካዎቹ የሥራ ሰዓት ከጉልት ንግድና ከቀን ሥራ የረጋ ነበር። ሰዎቹ ግን አልቆዩም። መርጋት ብቻውን፣ ደሞዝ ከስር ሳይኖረው፣ ሰው አያስቀምጥም ማለት ነው።

ኦቨርታይሜን ራሴ ማስላት እችላለሁ?

ትችያለሽ፤ ብትማሪውም ይጠቅምሻል። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው። ክፍያው እንዲህ ነው፦

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ የሰዓት ደሞዝሽ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12፣ በ1.75። በሳምንት የእረፍት ቀን፣ በ2። በሕዝብ በዓል ቀን፣ በ2.5።

ደሞዝሽ 3,120 ብር ነው እንበል። በወር 26 ቀን በ8 ሰዓት ስታባዢው 208 ሰዓት ነው። 3,120ን ለ208 ስታካፍዪ በሰዓት 15 ብር ይደርስሻል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የሠራሽው አንድ ትርፍ ሰዓት 22 ብር ከ50 ነው። እሑድ 8 ሰዓት ከሠራሽ 240 ብር።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ በሕጉ ትርፍ ሰዓት ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራና ለመሳሰለው የተፈቀደ ነው። የየቀኑ ፕሮግራም መሆን አልነበረበትም። ታርጌት (የቀኑን የምርት መጠን) አልሞላችሁም ተብሎ በነጻ የሚሠራ «ማካካሻ» የሚባል ነገር ደግሞ ሕጉ ላይ የለም። እኛ ጋ ግን ነበር። የሚያሳፍረኝ እኔም ፔሮሉ ላይ ሳላስገባው ማለፌ ነው።

መቼ ገብተሽ መቼ እንደወጣሽ በትንሽ ደብተር ጻፊ። የጣት አሻራ ማሽኑ የድርጅቱ ነው፤ ደብተሩ ያንቺ ነው።

ከደሞዜ ላይ ምን ምን ይቆረጣል?

የሥራ ግብርና ጡረታ። ግብሩ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ቀሏል፦ ቀድሞ ከ600 ብር በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው። በ3,120 ብር ምሳሌያችን ግብሩ ከ325 ብር ከ50 ወደ 168 ብር ወርዷል። ጡረታ ከአንቺ 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ስለዚህ 218 ብር ከ40 ይሄዳል፤ እጅሽ የሚገባው 2,733 ብር ከ60 ነው።

ከዚህ ውጭ ያለ ቆረጣ መሠረት ሊኖረው ይገባል፦ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ ራስሽ በጽሑፍ የሰጠሽው ስምምነት። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዝሽ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። «መርፌ ሰበርሽ» ተብሎ ሱፐርቫይዘር በቃል የሚያስቆርጠው ከእነዚህ ውስጥ አይደለም።

የጡረታውን ነገር አደራ። ከደሞዝ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ መዋጮ አይቻለሁ። የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄደሽ በስምሽ መግባቱን ጠይቂ።

ውል አልፈረምኩም። መብት አለኝ?

አለህ። ውል በቃልም ይሆናል። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። ባይሰጥህም መብትህ አይጠፋም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በየሁለት ወሩ አዲስ የሙከራ ውል የሚያስፈርሙ አሉ፤ ለተመሳሳይ ሥራ ይህ አይሠራም።

በኤጀንሲ የተቀጠርኩ ጥበቃ ነኝ። ድርጅቱ ለኤጀንሲው የሚከፍለውና እኔ የማገኘው ለምን ተራራቀ?

ይህ በጣም የሚበዛ ጥያቄ ነው። አሠሪህ ኤጀንሲው ነው፤ ስለዚህ የዓመት ፈቃድህ፣ ጡረታህና ትርፍ ሰዓትህ የሱ ዕዳ ነው። ተጠቃሚው ድርጅት «እኔን አይመለከተኝም» ይላል፤ ኤጀንሲው «ደንበኛው አልጨመረም» ይላል። አንተ መሐል ላይ በብርድ ታድራለህ።

ሰዓቱን ተመልከተው። 12 ሰዓት ፈረቃ ከሆነ በቀን 4 ትርፍ ሰዓት ነው። ሰኞ ጀምረህ ረቡዕ ላይ የሳምንቱን 12 ሰዓት ጨርሰሃል። ሐሙስና ዓርብስ?

እዚህ ላይ ኃላፊነቱን የምጥለው በከፋዩ ላይ ነው። ጥበቃና ጽዳት በጨረታ ሲገዛ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ዝቅተኛው ዋጋ የሚገኘው ደግሞ ከሰው ደሞዝ ነው፤ መጥረጊያና ዱላማ ለሁሉም ዋጋው አንድ ነው። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ብትሆኑም፣ ባንክ ብትሆኑም፣ ውሉ ላይ «ሠራተኛው እጅ የሚገባው ከዚህ አያንስም» የሚል መስመር አስገቡ፤ የደሞዝ መክፈያ ሰነዱንም በየወሩ ጠይቁ። ይህን ማንም አይከለክላችሁም።

ሱፐርቫይዘሩ ይሳደባል፤ አንዳንዴ እጁንም ይሰነዝራል። ምን ላድርግ?

ስድቡን «የሥራ ባህል» አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። አይደለም። ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት ደግሞ በአዋጁ በስም ተጠቅሰው የተከለከሉ ናቸው። ጥቃቱ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ከተፈጸመ፣ ወይም አመልክተሽ አሠሪው ዝም ካለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ለቀሽ ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ።

ችግሩ ማስረጃ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንዳየ ጻፊ። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ ኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብዪ። ደግሞ ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ መውሰድና ደቂቃ መቆጠር ሲኖር፣ ያ ካርድ በሱፐርቫይዘሩ እጅ ምን እንደሚሆን አስቢው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሥልጣኖች ሲቀነሱ ትንኮሳውም ይቀንሳል።

እርጉዝ ነኝ። ቢያባርሩኝስ?

በእርግዝና ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር በዚህ ምክንያት ማሰናበት ክልክል ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ፈቃድ አለሽ። ሌሊትና ትርፍ ሰዓት ሊያሠሩሽ አይችሉም። አባትየው የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን ገንፎውንም አያስጨርስ!

ከዚህ የሚከብደው ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። ሕፃኑን ማን ይያዝ? ብዙዎቹ ጎበዝ ኦፕሬተሮች (ማሽን ላይ የሚሠሩት) ከእጃችን የወጡት እዚህ ላይ ነው። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍልና ሁለት ሞግዚት ማዘጋጀት አዲስ ሰው ሦስት ወር ከማሠልጠን ይረክሳል ብዬ ጽፌ አቅርቤ ነበር። መልስ አልመጣም።

ማኅበር ብናቋቁም አያባርሩንም?

አሥር ሠራተኛ ካላችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ። በማኅበር አባልነት ማባረር ሕገ ወጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ማስፈራራት አለ፤ ሌላ ሰበብ ፈልጎ ማሰናበትም አለ። ስለዚህ ብቻችሁን አትጀምሩ። ከዘርፋችሁ ፌዴሬሽንና ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነት ይመጣል፤ ሕጉ ያላስቀመጠውን የምሳ፣ የሰርቪስና የዓመት ጭማሪ ጉዳይ እዚያ ላይ ማስፈር ይቻላል። በእኔ ልምድ ቆረጣ የቀነሰው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፔሮሉን ማየት ከጀመረች በኋላ ነው።

ሥራ ላይ ብጎዳስ?

ሕክምናው በአሠሪው ነው። ደሞዝም የመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ቀሪው ስድስት ወር 50 በመቶ። ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ላይ ሆነህ የደረሰ አደጋም እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

የቤት ሠራተኞችስ?

አዋጁ አያቅፋቸውም። ለእነሱ ደንብ እንዲወጣ ይላል እንጂ። ያለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ አሠሪው ጤናዋን እንዲጠብቅ የሚሉ ዓይነት። ስለዚህ የእነሱ ሥራ የሚሻሻለው ለጊዜው በእኛው ቤት ነው። የእረፍት ቀን፣ የታወቀ ደሞዝ በታወቀ ቀን፣ በር የሚዘጋ መኝታ። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ ላይ ስለሚደርሰው የምንናደውን ያህል ጓዳችንን ብናይ ምን አለበት?

አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ደሞዝ መጨመር አልችልም። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ አለመቻልህን አስላው። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ? አዲሱ ሰው እጁ እስኪፈታ ስንት ሸሚዝ ተበላሸ? ይህን ሒሳብ የሠራ ድርጅት ብዙም አላየሁም። ሐዋሳ ላይ በመጀመሪያው ዓመት የሠራተኛው ፍልሰት 100 በመቶ ገደማ እንደነበር ያ የኒው ዮርክ ሪፖርት ጽፏል። ፋብሪካው በዓመት ውስጥ ሠራተኛውን በሙሉ ቀየረ እንደማለት ነው። ያ ወጪ ደሞዝ ተብሎ አይመዘገብ እንጂ ከኪስ ይወጣል።

ከዚያ ብዙ ብር የማይጠይቁትን ያዝ። ደሞዝ በአንድ በታወቀ ቀን ክፈል፤ ቀኑ ቅዳሜ ላይ ከዋለ ዓርብ ክፈል። የደሞዝ ወረቀቱን ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ስጥ፦ መደበኛው፣ ትርፍ ሰዓቱ፣ የተቆረጠው እያንዳንዱ ከነምክንያቱ። እኛ ጋ በእንግሊዝኛ ነበር የሚታተመው፤ ግማሹ ሰልፍ ለትርጉም ነበር። የመገኘት ማበረታቻውን በቀን ከፋፍለው፤ አንድ ቀን የቀረ የአንዱን ቀን ይጣ እንጂ የወሩን አይጣ። ትርፍ ሰዓት ካለ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ተናገር። ማታ የምትወጣ ሴት በሰርቪስ ትሂድ።

ምሳ ከምትሰጥና ብር ከምትጨምር የቱ ይሻላል የሚል ክርክር አለ። ገበያው በሚዘልበት ጊዜ እኔ ምሳን እመርጣለሁ፤ 500 ብር በስድስት ወር ውስጥ ያንሳል፣ አንድ ሰሃን ሽሮ ግን ያው አንድ ሰሃን ነው። ግን ምሳው ይበላ! ነቀዝ የወጣበት ምስር ያመጣው አመፅ አይቻለሁ።

መጨረሻ ላይ መሰላል ሥራ። ኦፕሬተር ሆኖ የገባ ሰው ምን ሲችል ስንት ብር እንደሚጨመርለት ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ሦስት ማሽን የቻለች ልጅ አንድ ማሽን ከምትችለው እኩል ከተከፈላት አራተኛውን ለምን ትማራለች?

ልለቅ ነው። ምን ላስብ?

ሙከራህን ከጨረስክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጥ፤ በጽሑፍ። ዝም ብሎ መጥፋት እስከ 30 ቀን ደሞዝ ያስከፍላል፤ ከቀሪ ሒሳብህ ላይ ይይዙታል። ቀሪ ክፍያህ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጥህ ይገባል። ሳይከፍሉ ቢያጓትቱ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ሊጨምርልህ ይችላል። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ በብር ይታሰባል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ልምድ ወረቀትም መብትህ ነው፤ እንደ ውለታ አትለምነው።

የት ልሂድ? ጠበቃ የለኝም።

መጀመሪያ የክፍለ ከተማህ ወይም የወረዳህ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት። እዚያ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ካልሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አትጠየቅም። ደብተርህን፣ የደሞዝ ወረቀትህን፣ የባንክ መግለጫህን ይዘህ ሂድ።

ጊዜውን ግን አታሳልፍ። ያልተከፈለ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ጥያቄ ከተባረርክበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ባለፈው ሰሞን የደወለልኝ አንድ ጥበቃ ሙሉ ማስረጃ ነበረው። ስድስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።